ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ የሚደረግ የዲጂታል ክትትል በጎንደር

ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ የሚደረግ ክትትል የሚባለው የመንግሥት አካል የአንድን ሰው የስልክ ንግግር፣ መልእክት፣ የኢንተርኔት አጠቃቀም ወይም በስልኩና በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን መረጃ ዳኛ ሳይፈቅድለት ሲያዳምጥ፣ ሲቀዳ፣ ሲያገላብጥ ወይም ሲያከማች ነው። በጎንደር ነገሩ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በመሣሪያ የሚሠራው ጠለፋ ሲሆን የውጭ አገር ተመራማሪዎችና ጋዜጠኞች በሰፊው ሰንደውታል። ሁለተኛው ኬላ ላይ «ስልክህን ክፈት» ተብሎ በእጅ የሚደረገው ፍተሻ ነው። የከተማው ሰው በቅርብ የሚያውቀው ይህን ሁለተኛውን ቢሆንም የተጻፈለት ግን ጥቂት ነው።

ቀደምት ዘመን

ጎንደር የነገሥታት መናገሻ ሳለች ሊቃውንቷ ፍትሐ ነገሥት እየተረጎሙ የሚፈርዱባት ከተማ ነበረች፤ «በሕግ አምላክ» ሲባል የሚሮጥ ሰው የሚቆምበት ባህልም ነበር። በደርግ ጊዜ ክትትሉ በቀበሌና በአብዮት ጥበቃ በኩል ሰው ለሰው የሚካሄድ ነበር።

የጎንደሩ የማዳመጫ ጣቢያ

ዘ ኢንተርሴፕት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ኤድዋርድ ስኖውደን ካወጣቸው ሰነዶች ተነስቶ ባሳተመው ዘገባ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ከኢትዮጵያ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2002 አዲስ አበባ ላይ «የአንበሳ ኩራት» የሚል የምስጢር ስም የተሰጠው የማዳመጫ ማዕከል መክፈቱን ገልጿል። ሥራው በ12 ያህል ኢትዮጵያውያን ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ላይ 8 የአሜሪካ ወታደሮችና 103 ኢትዮጵያውያን በ46 የሥራ ጣቢያዎች ሆነው የሶማሊያን፣ የሱዳንንና የየመንን ግንኙነት ያዳምጡ ነበር። በዚያን ጊዜ ከዋናው ማዕከል ውጪ ሦስት ተቀጽላ ጣቢያዎች ተከፍተው ነበር፤ ከነዚህ አንዱ ያረፈው ጎንደር ነው።

ዘገባው የጣቢያው ዒላማ የጎረቤት አገሮች እንደነበሩ እንጂ የጎንደር ነዋሪ ስልክ ይጠለፍበት እንደነበር አይናገርም። ስጋቱ ከሌላ በኩል ነው የሚመጣው። ውጭውን እንዲያዳምጥ የሠለጠነ ባለሙያና ለዚያው የመጣ ዕውቀት ፊቱን ወደ አገር ውስጥ ቢያዞር የሚያቆመው ሕጉና ሕጉን የሚያስከብረው ዳኛ ብቻ ነው።

ሕጉ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። በፖስታ የሚላክ ደብዳቤም ሆነ በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ገደብ ሊደረግ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ዓላማቸው የብሔራዊ ደህንነት፣ የሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን መከላከል፣ ጤና፣ የሕዝብ ሞራል ወይም የሌሎችን መብት መጠበቅ በሆነ ዝርዝር ሕጎች መሠረት ብቻ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ለብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት ስልክና ኢንተርኔት የመጥለፍ ሥልጣን ሲሰጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድደው ነበር። በወረቀት ላይ ዳኛው አለ። ግን ያው አዋጅ በአንቀጽ 16 ድንገተኛ ፍተሻ በፌዴራል ፖሊስ ዋና ዳይሬክተር ወይም እሱ በወከለው ሰው ፈቃድ እንዲደረግ ፈቀደ። በአንቀጽ 23 ደግሞ የመረጃው ምንጭና አገኛኘቱ ባይገለጽም የደህንነት ሪፖርት በማስረጃነት እንዲቀርብ በር ከፈተ። መረጃው እንዴት እንደተገኘ መጠየቅ ካልተቻለ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው በችሎት የሚታወቅበት መንገድ የለም፤ የአዋጁ ትልቁ ቀዳዳም ይኸው ነበር። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል።

ዛሬም የሚሠራበት የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። በአንቀጽ 25 መሠረት ግንኙነትን በቀጥታ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያስፈልጋል። ሆኖም በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ጉዳት የሚያደርስ የኮምፒውተር ወንጀል እየተፈጸመ ነው ወይም ሊፈጸም ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካለና ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ (ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ሥልጣኑ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተላልፏል) ያለ ትዕዛዝ መፍቀድ ይችላል። ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ አለበት፤ ፕሬዚዳንቱም ወዲያው ተገቢውን ትዕዛዝ ይሰጣል። በእነዚያ 48 ሰዓታት ጠያቂውም ፈቃጁም አስፈጻሚው አካል ነው። በኋላም ቢሆን ፕሬዚዳንቱ የሚሰማው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ የተጠለፈው ሰው አያውቅምና።

አንቀጽ 24 ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ በዕለት ተዕለት ሕይወት ላይ ግን ከ25ም በላይ ይከብዳል። አገልግሎት ሰጪው የትራፊክ መረጃን፣ ማለትም ማን ከማን ጋር መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያስቀምጥ ያዝዛል። ተጠርጣሪም ያልተጠረጠረም አይለይም። የድሮውን አውጫጭኝ ይመስላል፤ በአንድ ሌባ ምክንያት አገሬው በሙሉ ይታገዳል። አውጫጭኙ ግን ሲያበቃ ሰዉ ወደየቤቱ ይሄድ ነበር።

ከጎንደር ሲታይ ርቀትም አለ። በኮምፒውተር ወንጀል የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲሆን በክልል ይህን ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት ደርቦ የሚሠራው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። መቀመጫው ባሕር ዳር፣ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። የ48 ሰዓቱ ጉዳይ የሚታየው ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ነው።

ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም.

ክትትሉ ከሌላው ጊዜ በተሻለ በሰነድ የተያዘበት ዘመን ይህ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ከ100 በላይ ሰዎችን አነጋግሮ ባወጣው ሪፖርት፣ በወቅቱ ብቸኛው አገልግሎት ሰጪ የነበረው ኢትዮ ቴሌኮም የሚጠቀምበት፣ ከቻይናው ዜድቲኢ የተገዛ የደንበኞች አስተዳደር ሥርዓት የደህንነት ሠራተኞች የማንኛውንም ሰው የጥሪ ዝርዝር ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንዲያዩ እንዳስቻላቸው ጽፏል። የታሰሩ ሰዎች በምርመራ ላይ የተቀዳ የስልክ ንግግራቸው እንደተከፈተላቸው፣ ወደ ውጭ አገር መደወላቸው ብቻ እንደ ጥፋት ተቆጥሮ እንደተጠየቁም ተናግረዋል። የወልቃይትን ጥያቄ በቅርብ ትከታተል ለነበረችውና በሱዳን በኩል ወደ ስደት የወጣ ዘመድ ያላት ቤተሰብ ለበዛባት ጎንደር ይህ ሩቅ ወሬ አልነበረም።

የስለላ ሶፍትዌሩ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ፊንፊሸር የተባለው ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ማባበያ አድርጎ ሲሰራጭ ማግኘቱንና መቆጣጠሪያ ሰርቨሩ በኢትዮ ቴሌኮም መረብ ውስጥ መሆኑን አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ደግሞ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ምርት ከውጭ አገር በሚያሰራጨው የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ላይ መሞከሩን ገለጸ። በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ መንግሥት እንዲህ ያለ ሶፍትዌር አልተጠቀመም፣ የሚጠቀምበትም ምክንያት የለውም ሲል አስተባበለ። ክርክሩ በዓመቱ ተዘጋ ማለት ይቻላል፦ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠልፎ 400 ጊጋባይት ያህል የውስጥ ሰነዱ ሲወጣ፣ የኢትዮጵያው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ 1 ሚሊዮን ዶላር የከፈለበት ግዢ አብሮ ወጣ።

በአሜሪካ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩ በፊንፊሸር እንደተበከለ በመግለጽ «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ክሱን ሳይቀበለው ቀረ፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ላይ አልተፈጸመምና የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አይነሳም የሚል ነበር ምክንያቱ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ሲቲዝን ላብ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ምርት የፍላሽ ማሻሻያ መስሎ ለተቃዋሚዎች ይላክ እንደነበር አጋለጠ። ላኪዎቹ የተበከሉትን ኮምፒውተሮች መዝገብ ለማንም በሚታይ ገጽ ላይ ትተውት ስለነበር ዒላማዎቹ በ20 አገሮች እንደነበሩ ታወቀ።

የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ክስ ነገሩ ከየት እስከ የት እንደደረሰ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ተይዘው ሲከሰሱ ራስን ከጠለፋ የመከላከል ሥልጠና መውሰድ ራሱ የሽብር ዝግጅት ተደርጎ ቀርቦባቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 የመጨረሻዎቹ ተከሳሾች ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ።

በጎንደር ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ከተነሳው ግጭትና ሐምሌ 24 ቀን ከተደረገው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ በኋላ ኢንተርኔት ተቋረጠ። መስከረም 28 ቀን 2009 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ መመሪያ ኢሳትንና ኦኤምኤን የተባለውን የኦሮምኛ ቴሌቪዥን መመልከትን ጭምር ከለከለ።

ከኔትወርኩ የሚታየውና የማይታየው

መደበኛ ጥሪና አጭር የጽሑፍ መልእክት በቴሌ በኩል ሙሉ ለሙሉ ይታያሉ። ስልኩ የተያያዘበት ታወር ስለሚመዘገብ ባለቤቱ ማራኪ ሰፈር ይሁን አዘዞ በግምት ይታወቃል። ሲም መቀየር ብዙ አይረዳም። በ*#06# የሚታየው ባለ 15 አሃዝ የቀፎ መለያ ቁጥር ከአዲሱ ሲም ጋር አብሮ ስለሚመዘገብ አሮጌውና አዲሱ ቁጥር ይገናኛሉ።

ዋትስአፕና ሲግናል ይዘቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚመሰጥሩ ቴሌ የሚያየው ግንኙነት መኖሩን እንጂ የተባለውን አይደለም። የዋትስአፕ መጠባበቂያ ቅጂ ግን ተጠቃሚው ራሱ ምስጠራውን ካላበራው ጉግል ድራይቭ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይመሰጠር ይቀመጣል። ቴሌግራም በሰፊው እንደሚታሰበው አይደለም፤ ከቻቶቹ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው «ሚስጥራዊ ቻት» ብቻ ነው፤ ቡድንና ተራ ቻት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። የመግቢያ ኮዱ በአጭር መልእክት ሲመጣ ደግሞ መልእክቱን መጥለፍ የሚችል ሁሉ አካውንቱን በሌላ ስልክ መክፈት ይችላል። መፍትሔው ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ማብራት ነው፤ ያኔ ኮዱ ብቻውን አያስገባም።

ስልክ በእጅ ሲፈተሽ

ለዚህ ዓይነቱ ፍተሻ የሚያገለግለው ሕግ ስልክ ኪስ ውስጥ ሳይገባ የወጣው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በአንቀጽ 33 መሠረት የብርበራ ትዕዛዝ የሚፈለገውን ነገር ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በስተቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ያለ ትዕዛዝ የሚፈቀደው እጅ ከፍንጅ ወንጀለኛ ሲባረር ወይም ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ ተደብቋል የሚል ጥቆማ ኖሮ ትዕዛዝ እስኪወጣ እንዳይጠፋ ሲያሰጋ ነው። ኬላ ላይ የሁሉንም ተሳፋሪ ጋለሪ በተራ ማየት ከነዚህ አንዱም ውስጥ አይገባም። ባለቤቱ ራሱ ከፍቶ ሰጠ ከተባለ ግን «በፈቃዱ ነው» የሚል መልስ ይመጣል፤ በታጠቀ ሰው ፊት የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ ነው ወይ የሚለው የሕግ ሰዎችን ሲያከራክር ይኖራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ለተያዘ ሰው የሚሰጠው ያለመናገር መብት የይለፍ ቃልን ይጨምር አይጨምር የሚለውም እንዲሁ።

ብዙ ሰው የሚያዘው በሌላ ሰው ቪዲዮ ነው። ቴሌግራም በራሱ እያወረደ ወደ ጋለሪ እንዲያስቀምጥ ከተተወ፣ ባለቤቱ ያልከፈተው የቡድን ምስል ሁሉ የራሱ መስሎ ይገኛል፤ ሁለቱንም ከቅንብሩ ማጥፋት ይቻላል። የተሰረዘ ፎቶም ለ30 ቀን ያህል በቅርጫት ውስጥ ይቆያል። በጣት አሻራ የሚከፈት ስልክ ጣት ተይዞ ይከፈታል። ስልኩ ተዘግቶ ከተነሳ በኋላ ግን መጀመሪያ ቁጥሩ እስኪገባ አሻራው አይሠራም፤ አብዛኛው መረጃም እንደተመሰጠረ ይቆያል።

ስልክ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ተወስዶ ሲመለስ አደጋው አልፏል ማለት አይደለም። በዚያ ጊዜ ውስጥ የኪውአር ኮድ በማንሳት ቴሌግራምን ወይም ዋትስአፕን ከሌላ መሣሪያ ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ስልኩ ከተመለሰም በኋላ መልእክቱ እዚያም ይደርሳል። «የተገናኙ መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍቶ የማይታወቀውን ማስወጣት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

መርማሪውም በዚህ አሠራር ይጎዳል። ስልኩን በጣቱ እየከፈተ ያየ ፖሊስ ያልተነበበውን መልእክት የተነበበ ያደርጋል፣ ሰዓቶችን ይቀይራል፣ አዲስ መረጃ እንዲገባም ይፈቅዳል። ትክክለኛው አሠራር ስልኩን ከኔትወርክ መነጠል፣ በምስክር ፊት መመዝገብ፣ ይዘቱን መቅዳትና የቅጂውን የሃሽ ቁጥር፣ ማለትም ቅጂው እንዳልተነካ የሚያሳየውን መለያ፣ መያዝ ነው። ይህ ካልተደረገ እውነተኛ ማስረጃ እንኳ በችሎት ሊወድቅ ይችላል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተጀመረው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መያዝንና ማንኛውንም ሰው፣ ቤትና ቦታ መፈተሽን ፈቀደ፤ ተራዝሞ በጠቅላላው 10 ወር ቆየ። በዚያው ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። መዘጋቱ ራሱ ክትትልን አቅልሏል፤ ሲግናልና ዋትስአፕ የሌለው ሰው ወደ መደበኛ ጥሪና አጭር መልእክት፣ ማለትም ከሁሉ ይበልጥ ወደሚታየው መንገድ፣ ለመመለስ ይገደዳልና።

አቤቱታ

ስልኩ ያለ ትዕዛዝ የተያዘበት ሰው ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የፈታሹን ተቋምና የተከፈቱትን መተግበሪያዎች በዕለቱ መጻፍ፣ የቀፎውን መለያ ቁጥር መያዝና የተረከበውን ሰው ደረሰኝ መጠየቅ አለበት። ደረሰኝ የሌለው ስልክ «አልተያዘም» ይባላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በነፃ የሕግ ድጋፍ አቤቱታ በመጻፍ ለዓመታት ከተማውን ያገለገለ ባለውለታ ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ተቆጣጣሪነቱን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ባንክ፣ ሆስፒታልና ቴሌ የሰውን መረጃ ያለ አግባብ ሲይዙ አቤት የሚባልበት በር ተከፍቷል። ለብሔራዊ ደህንነት የተቀመጠው ልዩ ሁኔታ ግን ሰፊ ነው፤ ባለሥልጣኑም ተጠሪነቱ ለአስፈጻሚው አካል ስለሆነ የደህንነት ተቋምን ጠይቆ መልስ ማግኘት መቻሉ ገና በተግባር የሚታይ ነው።