በሥራ ቦታ አትሌቲክ ትሬነር ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው «መሥሪያ ቤታችን አትሌቲክ ትሬነር ቀጠረልን፤ ጠዋት ጠዋት ስፖርት ያሠራናል» ብሎ ሲጽፍ አየሁ። ከሥሩ ሌላው «ጥሩ ነው፤ ወገባቸውን የሚያማቸው ጂም ስለማይሠሩ ነው» ብሎ መለሰለት። እንዲህ ያለውን ደጋግሜ ስላየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ወገቤን፣ ትከሻዬን የሚል ሰው ሳላይ የምውልበት ቀን የለም።

ጠዋት ስፖርት የሚያሠራው ሰው የስፖርት አሠልጣኝ ነው። የተከበረ ሥራ ነው፤ ግን ሌላ ሙያ ነው። አትሌቲክ ትሬነር የጤና ባለሙያ ነው። ሙያው በዚህ ስሙ ያደገው አሜሪካ ውስጥ ነው። ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ1950 ተቋቋመ፤ በ1990 ደግሞ የአገሪቱ የሐኪሞች ማኅበር እንደ ጤና ሙያ ዕውቅና ሰጠው። የጀመሩት ከስፖርት ቡድኖች ጋር ነው። ዛሬ ግን ፋብሪካ፣ መጋዘንና ወደብ ላይም ይሠራሉ፤ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ጉዳት እንዳይደርስ ይከላከላሉ፣ ከደረሰም ያክማሉ።

አዲስ አበባ ስታዲየም ኳስ ያየ ሰው የቡድን ወጌሻን ያውቀዋል። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚሮጠው ማለት ነው። እሱን የምናየው ሲሮጥ ብቻ ስለሆነ ሥራው ያ ብቻ ይመስለናል። ጎበዝ ወጌሻ ግን ጨዋታውን ሙሉ ዓይኑን አይነቅልም። ተከላካዩ ከዘለለ በኋላ በአንድ እግሩ ከበድ ብሎ ካረፈ፣ ሳይወድቅ በፊት ለአሠልጣኙ ይነግረዋል። አሁን ሜዳውን በመጋዘን ተኩት። ጨዋታው 90 ደቂቃ ሳይሆን ስምንት ሰዓት ነው። ተቀያሪ የለም። የሚያነክሰው ሰው ደግሞ እንዳይባረር ስለሚፈራ ሕመሙን ይደብቃል። የወጌሻው ዓይን የሚያስፈልገው እንግዲህ እዚህ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ «ትክክለኛውን አነሳስ ካስተማርናቸው ይበቃል» የሚለው ነው። ጉልበትህን እጠፍ፣ ወገብህን ቀጥ አድርግ፣ ከዚያ ፖስተር መለጠፍ። በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ የአነሳስ ሥልጠና ብቻውን የወገብ ሕመምን እንደሚከላከል ማስረጃ አልተገኘም። ለምን ቢባል ካዛንቺስ ወይም ሌላ ግንባታ ያለበት ቦታ ሄዶ ሲሚንቶ ሲወርድ ማየት ነው። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም አንድ ሰው ምን ያህል ቢያነሳ እንደማያሰጋው የሚያሰላበት ቀመር አለው፤ ከፍተኛው ቁጥር 23 ኪሎ ነው፤ ያውም ዕቃው ሰውነት አጠገብ፣ ወገብ አካባቢ ሆኖ፣ ሳይጠመዘዙና ሳይደጋግሙ ሲያነሱት። ዕቃው 50 ሴንቲሜትር ያህል ከራቀ ቁጥሩ በግማሽ ይወርዳል። ታዲያ ጫኝና አውራጁ ጉልበቱን አጠፈም አላጠፈም፣ ሸክሙ መጀመሪያውኑ ከልክ በላይ ነው። ጥፋቱን በእሱ አነሳስ ላይ መጣል ግፍ ነው። የሚያስፈልገው ጋሪ፣ መወጣጫና ተጨማሪ ሰው ነው። የወገብ ቀበቶውንም ቢሆን ያው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ጤነኛ ሠራተኛን ከጉዳት እንደሚከላከል በቂ ማስረጃ የለም ብሏል።

የሸክም ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰንጋ ተራ አካባቢ ያሉትን ባንኮች አስቡ። ብር መቁጠሪያ ማሽኑ ከቴለሯ በስተግራ ትንሽ ወደ ኋላ ተቀምጧል። ከጠረጴዛው ሥር ካርቶን ስለተከመረ ወንበሯ አይዞርም። እግሯ ወደ ደንበኛው እንዳለ ወገቧና አንገቷ ብቻ ይጠመዘዛል፤ ወረፋው እስኪያልቅ ደግሞ ይሄው ነው። ማታ ትከሻዋን ማሳሸት ለአንድ ሌሊት ያሳርፋት ይሆናል፤ ጠዋት ግን ማሽኑ እዚያው ነው። ባለሙያው ቁጭ ብሎ ያያትና ካርቶኑን ያስነሳል፣ ማሽኑን ወደፊት ያመጣዋል። ሥራው በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ ሲያዩት ምንም አይመስልም።

ሕክምናውም ቢሆን ማሸት ብቻ አይደለም። ሠራተኛው «ትንሽ ይጠዘጥዘኛል» ባለ ቀን መርምሮ ሥራውን ለጊዜው ያቀልለታል፣ የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴ ይሰጠዋል፣ ጭነቱን ቀስ በቀስ ይመልስለታል። ለተራ የወገብ ሕመም ሳምንታት አልጋ ላይ መዋል ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ኤምአርአይ ላይ «ዲስክ ተንሸራቷል» የተባለ ሁሉም ቢሆን አይደንግጥ፤ ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይም እንዲህ ያለ ነገር በብዛት ይታያል።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። እግር እየደነዘዘ ከደከመ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት ካስቸገረ ወይም ካመለጠ ጊዜ አይሰጥም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ስብራት ሲጠረጠርም ጥብቅ አድርጎ ማሰር ደም አቋርጦ እጅ እግር እስከማስቆረጥ የደረሰበትን ሰው ሙያችን በደንብ ያውቃል። ከታሰረ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያውን ወዲያው አላልቶ ሆስፒታል መሄድ ነው።

እኛ ጋ በዚህ ስም የሚቀጠር ሰው ማግኘት ይከብዳል። ያ ሰበብ አይሆንም፤ የሥራ ቦታን ማየት የሚችል ፊዚዮቴራፒስት ይህን ብዙውን ይሠራል። የሠራተኛን ጤንነትና ደኅንነት መጠበቅ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤታችሁ «ትሬነር አመጣን» ካለ፣ ሰውየው መጋዘኑንና ጠረጴዛችሁን አይቶ እንደሆነ ጠይቁ። ካላየ ገብቶ ይይ፤ የጠዋቱ ስፖርት ከዚያ በኋላም ይደርሳል።