ምስለ ችሎት ምንድን ነው?

ምስለ ችሎት ተማሪዎች በታሰበ ጉዳይ ላይ እውነተኛውን ሕግ ይዘው የሚሟገቱበት የትምህርት ችሎት ነው። ምስለ ፍርድ ቤት የሚሉትም አሉ። አመልካች፣ ተጠሪና ዳኞች ይኖሩታል፤ ሁለቱም ወገኖች ክርክራቸውን መጀመሪያ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ቆመው ይናገራሉ። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብቶች ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የአፍሪካ የሕግ ተማሪዎችን ያወዳድርበታል። በእኛም አገር የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በዚሁ መንገድ ያወዳድራል።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሙግት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በላ ልበልሃ እያለ ዛፍ ሥር ቆሞ የሚሟገት ሰው ያየ አያት ያልነበረው ማን አለ? «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው ተረትም ከዚያው የመጣ ነው። በቅሎ ማጣት ያከስራል፤ ሳይሰሙህ ጭብጦህን ሲወስዱብህ ግን የሚያንገበግብህ ሌላ ነገር ነው። ለልጆች ሰብአዊ ክብርን ሳስረዳ ከዚህ ተረት የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

የማስተምረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው፣ 9ኛ ክፍል፣ የዜግነት ትምህርት። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ 11ዱን የሥነ ዜጋ እሴቶች በቃሌ ይዤ ፈተና አልፌያለሁ። ስለ እኩልነት ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ልጅ በእረፍት ሰዓት ጓደኛውን በዘሩ ሲሰድብም አይቻለሁ። ስለዚህ አሁን በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ ክፍሉን ችሎት አደርገዋለሁ።

ጉዳዩን ከሰፈራችን እወስዳለሁ። ዳር ያለ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። አንዲት ተማሪ ውኃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን ሞልታ ስትወጣ ታረፍዳለች፤ ሦስተኛ ጊዜ ስታረፍድ ባንዲራ መስቀያው ሥር ጠጠር ላይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያንበረክኳታል። መብቷ ተጥሷል? ታሪኩ የተፈጠረ ነው፤ መሆንም አለበት። በክፍሉ ያለን ልጅ እውነተኛ ጉዳት ለልምምድ ማውጣት ሌላ ጉዳት ነው።

አመልካቾቹ ብዙ አይቸገሩም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብአዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዛል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ያጸደቅናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ተጠሪዎቹ «ማንበርከክ ዱላ አይደለም» ብለው ይጀምራሉ። ይህ አያስኬድም፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው አጠቃላይ ትንታኔ ቁጥር 8 ልጅን በማይመች አኳኋን እንዲቆይ ማስገደድንም ከአካል ቅጣት ቆጥሮታል።

ለእኔ የምስለ ችሎት ትልቁ ነገር ግን ዕጣው ነው። ወገንህን አትመርጥም። ባለፈው ዙር ለተጠሪ ዕጣ የወጣለት ልጅ ራሱ ዘወትር የሚያረፍድ ነበር። ወረቀቱን ከፍቶ አየና «ቲቸር፣ ይቀየርልኝ። እኔ እኮ ራሴ ተንበርክኬያለሁ» አለኝ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ልለውጥለት ቃጣኝ፤ አልለወጥኩለትም።

ሁለት ቀን ሙሉ የትምህርት ቤቱን ወገን ሲያጠና ከረመ። ዩኒት ሊደሩን ጠየቀ፣ ዘበኛውን ጠየቀ፣ ከአንዲት የሒሳብ መምህርት ጋር ቁጭ ብሎ አወራ። በችሎቱ ቀን እጁን ዴስኩ ላይ አስደግፎ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ መምህሯ ያን ቀን በአንድ ክፍለ ጊዜ ስድስት ጊዜ በር ተንኳኩቶባታል» ብሎ ጀመረ። ቅጣቱን ትክክል ነው አላለም። የቀሩት ልጆችም የመማር መብት እንዳላቸው፣ ትምህርት ቤቱም ይህን መብት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት አስረዳ። እስከዚያ ቀን በር ማንኳኳት እንጂ ከውስጥ ማን እንደሚቋረጥ አስቦ የሚያውቅ አይመስለኝም። መልካም ጠባይ የምንለው ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ፤ በስብከት አላገኘሁትም።

መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ድምፅ ከፍ ያደረገ ካሸነፈ ነገሩ ተውኔት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዳኞቹ ለምን እንደፈረዱ በጽሑፍ ያስረዳሉ፤ የተሸናፊው ክርክር የቱ ላይ ትክክል እንደነበረም ይጽፋሉ።

በዚያ ዙር ሦስቱ ተማሪ ዳኞች ለአመልካቿ ፈረዱ። በመጨረሻው መስመር ግን ያልጠየቅኳቸውን ጨመሩ፦ በውኃ ቀን ያረፈደ ተማሪ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ላይብረሪ ይቆይ፣ ኖቱን ከጓደኛው ይገልብጥ። ከኋላ ተቀምጦ ይሰማ የነበረው ዩኒት ሊደር ወረቀቱን ተቀብሎ ደግሞ አነበበውና አጥፎ ኪሱ ከተተው።