ቺፕስ አክት ምንድን ነው? ድጎማው፣ ውሃውና ጋዙ

ቺፕስ አክት የሚባለው የአሜሪካ መንግስት የሴሚኮንዳክተር ማለትም ስልክ፣ ኮምፒውተርና መኪና ውስጥ የሚገቡት ቺፖች ፋብሪካዎች አገሩ ውስጥ እንዲተከሉ ከህዝብ ካዝና ድጎማ የሚሰጥበት ህግ ነው፣ ባይደን የፈረመው እ.ኤ.አ. ኦገስት 2022 ላይ ነው። በአጠቃላይ ወደ 52.7 ቢሊየን ዶላር ተመድቦለት 39 ቢሊየኑ ለማምረቻ ማበረታቻ የሚሄድ ሲሆን የታክስ ቅናሽም አለበት። ምክንያቱ ግልፅ ነው፣ በ1990 ከአለም ቺፕ 37 ፐርሰንት አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ይመረት የነበረው ወደ 12 ወርዷል፣ በዛ ላይ በኮቪድ ጊዜ ቺፕ ጠፍቶ የመኪና ፋብሪካዎች ስራ ሲያቆሙ ሁሉም ደነገጠ።

ሰው ስለዚህ ህግ ሲያወራ ግን ቻይናና ታይዋን ላይ ነው የሚያተኩረው፣ እኔን ደሞ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ውሃው ነው።

ቺፕ በመቶዎች በሚቆጠሩ ደረጃዎች ነው የሚሰራው፣ ቺፑ የሚሰራበት ሲሊከን የሚባለው ቁስ በኬሚካል ይበላል ከዛ ይታጠባል፣ እንደገና ይበላል እንደገና ይታጠባል፣ የሚታጠብበት ውሃ ደሞ ከቧንቧ እንደወረደ አይሆንም፣ ውስጡ ያለው ጨውና ማዕድን አንድ ሳይቀር ወጥቶ መጣራት አለበት። ትልቅ ፋብሪካ በቀን በአስር ሚሊየኖች የሚቆጠር ሊትር ሊፈጅ ይችላል። ብዙውን መልሶ አጣርቶ መጠቀም ይቻላል፣ ወጪ አለው እንጂ ቴክኖሎጂው አለ። ታይዋን በ2021 ድርቅ ሲመታት መንግስት የሩዝ ገበሬዎችን መስኖ ዘግቶ ውሃውን ለከተሞችና ለፋብሪካዎች አቆየው፣ ገበሬው ካሳ ቢከፈለውም ማሳው ጦሙን አደረ። በዛው አመት አሜሪካ የኮሎራዶ ወንዝ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የውሃ እጥረት አወጀች፣ ከዛ ወንዝ የምትጠጣዋ አሪዞና ደሞ የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ 6.6 ቢሊየን ዶላር ድጎማ ተፈቅዶለት ፋብሪካ የሚተክልባት ቦታ ናት።

ጋዙም ቀላል አይደለም። ማሽኖቹን ከውስጥ ለማፅዳት የሚጠቀሙት ናይትሮጅን ትራይፍሎራይድ ካመለጠ በ100 አመት ሂሳብ ከካርቦንዳይኦክሳይድ ወደ 17 ሺ እጥፍ ያሞቃል፣ ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት የሚያቃጥል መሳሪያ መገጠሙና በደንብ መስራቱ ወሳኝ ነው። ቺፕ ሲሰራ የሚገቡ ፒፋስ የሚባሉ የማይበሰብሱ ኬሚካሎችም አሉ፣ እስካሁን ለብዙዎቹ ምትክ አልተገኘም።

ስራ ይፈጥራል የሚባለውስ? ይፈጥራል፣ ግን ከገንዘቡ አንፃር ትንሽ ነው። የአሜሪካው ቺፕ አምራች ኢንቴል በ2022 ኦሃዮ ላይ ከ20 ቢሊየን ዶላር በላይ አወጣለሁ ሲል ቃል የገባው 3 ሺ ቋሚ ስራ ነበር፣ ብታካፍሉት ለአንድ ሰው ስራ ወደ 7 ሚሊየን ዶላር ይመጣል፣ በ2025 ይጀምራል የተባለው ምርትም ወደ 2030 እና 2031 ተገፍቷል። እንደውም ኦገስት 2025 ላይ መንግስት ለኢንቴል ያልከፈለውን ድጎማ ወደ አክሲዮን ቀይሮ የኩባንያውን 10 ፐርሰንት አካባቢ ያዘ፣ ይሄ ለኔ በነፃ ከመስጠት ይሻላል፣ ቢያንስ ህዝቡ ካተረፈ ድርሻ አለው።

በጣም የሚከነክነኝ ግን ኦክቶበር 2024 ላይ የወጣው ህግ ነው፣ ድጎማ የሚያገኙ ብዙ ፕሮጀክቶችን ከፌደራል የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ነፃ አደረጋቸው። ጥናቱ ግንባታውን አመታት ያዘገየዋል ነው ክርክሩ፣ የአየርና የውሃ ብክለት ህጎቹም አልተነሱም፣ ሆኖም ፋብሪካው ከመቆሙ በፊት ነዋሪው ምን ሊለቀቅ እንደሆነ አይቶ የሚጠይቅበት መድረክ ይሄው ጥናት ነበር። የካሊፎርኒያዋ የቺፕና የቴክኖሎጂ ሰፈር ሲሊከን ቫሊም ድሮ ጭስ የሌለው ንፁህ ኢንዱስትሪ ተብላ ነበር፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከመሬት ስር ታንከሮች የፈሰሰ ሶልቨንት የሚባል ማሟሚያ ኬሚካል የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ፣ እዛው ያለችው ሳንታ ክላራ ካውንቲ ብቻዋን ከ20 በላይ ሱፐርፈንድ የሚባሉ በፌደራል መንግስት ክትትል የሚፀዱ የተበከሉ ቦታዎች አሏት፣ ከ40 አመት በኋላም አንዳንዶቹ ገና እየፀዱ ነው።