ብራውን የማንን ምስክርነት አመነ?

ወገኖች፣ ዛሬ ስለ አንድ አጭር ልብ ወለድ ላወራችሁ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ናትናኤል ሆቶርን እ.ኤ.አ. በ1835 ያሳተመው «ወጣቱ ጉድማን ብራውን» ነው። እምነት ከሰው ልብ እንዴት ተሸርሽሮ እንደሚወጣ እንዲህ አድርጎ የሚያሳይ ጽሑፍ ብዙ አላነበብኩም።

ታሪኩ የሚሆነው ፒዩሪታኖች የሚባሉ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች በሚኖሩበት በአሜሪካዋ ሴለም መንደር ነው። ብራውን ካገባ ገና ሦስት ወሩ ነው። ሚስቱ እምነት ትባላለች፤ ቆቧ ላይ ሮዝ ሪባን የምታስር ልጅ ነች። አንድ ቀን ሲመሽ «ዛሬን እንኳ እቤት እደር» ብላ ትለምነዋለች። እሱ ግን ጫካ ውስጥ ቀጠሮ አለው። ጉዳዩ ክፉ መሆኑንም ያውቃል። «ይቺን አንድ ሌሊት ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ቀሚሷን ይዤ መንግሥተ ሰማይ እገባለሁ» ይላል በልቡ። ይቺን «አንዴ ብቻ» ሁላችንም እናውቃታለን።

ጫካ ውስጥ የሚያገኘው ሰው እባብ የሚመስል በትር ይዟል። አብረው ሲሄዱ ብራውን በልጅነቱ ሃይማኖቱን ያስተማረችውን አሮጊቷን ክሎይስን ያያል። ቀጥሎ የመጋቢውንና የዲያቆኑን ድምፅ ይሰማል። ሁሉም ወደ ሰይጣን ጉባኤ እየሄዱ ነው። ወዲያው አንድ ሮዝ ሪባን ከላይ ወርዶ ቅርንጫፍ ላይ ሲያርፍ ያያል። «እምነቴ ጠፋች!» ብሎ ይጮኻል። ጉባኤው ላይ ሲደርስ ሚስቱም እዚያ አለች። ሰይጣን ይሰብካል፦ ቅዱሳን ብላችሁ የምታከብሯቸው ሁሉ በስውር ኃጢአተኞች ናቸው፤ የሰው ተፈጥሮው ክፋት ነው። ብራውን ሚስቱን «ወደ ሰማይ ተመልከቺ፣ ክፉውን ተቃወሚ!» ሲላት ሁሉም ነገር ድንገት ይጠፋል። ብቻውን ጫካ ውስጥ ቆሟል። ሕልም ይሁን እውን ደራሲው ቁርጡን አይነግረንም።

እኔን የሚያሳዝነኝ በማግስቱ ጠዋት ያደረገው ነው። ሽማግሌው መጋቢ ሲባርከው ይሸሻል። ክሎይስ ወተት ይዛላት የመጣችን ትንሽ ልጅ በራፏ ላይ ስታስተምር ያያል፤ ልጅቷን ከሰይጣን እጅ እንደሚያስጥል ሆኖ ይነጥቃታል። እምነት ከሩቅ ስታየው በደስታ እየሮጠች ትመጣለች፤ በመንደሩ ሁሉ ፊት ልትስመው ምንም አልቀራትም። ፊቱን አኮሳትሮ ያያትና ሰላም ሳይላት ያልፋል። ከዚያ ወዲያ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤው ሲዘምር መስማት ያቅተዋል። ቤተሰቡ ለጸሎት ሲንበረከክ ያጉረመርማል፣ ሚስቱን አይቶ ፊቱን ያዞራል። ዕድሜውን የጨረሰው እንዲህ ነው። ሲሞት መቃብሩ ላይ የተስፋ ቃል እንኳ አልተጻፈለትም።

ልብ በሉ፣ ብራውን የጠፋው ኃጢአት ስላየ አይደለም። የቅዱሳንን ውድቀት መጽሐፍ ቅዱሳችንም አልደበቀልንም፤ ዳዊት ወድቋል፣ ጴጥሮስ ክዷል። ብራውን የጠፋው ስለ ወንድሞቹና ስለ ሚስቱ የከሳሻቸውን ቃል ስላመነ ነው። ያን ሌሊት የሰበከለት ማን ነበር? ጌታ «ሐሰተኛ የሐሰትም አባት» ያለው ነው። ራእይ 12፥10 ላይ «የወንድሞቻችን ከሳሽ» የተባለውም እሱ ነው። ብራውን ወደ ጫካው የገባው በገዛ እግሩ ነው፤ ስለዚህ ግን ንስሐ ሲገባ አናይም። ሚስቱንም «ትናንት ማታ የት ነበርሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። አብረዋት እየኖሩ አለመጠየቅ! ጌታ በማቴዎስ 18፥15 ወንድምህ ቢበድልህ ሂድና ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው ያለው ለዚህ ነው።

ይህ ነገር በልብ ወለድ ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1692 የሴለም ዳኞች በጥንቆላ በተከሰሱ ሰዎች ላይ «መንፈሷ መጥታ አሠቃየችኝ» የሚል ምስክርነት ይቀበሉ ነበር። 19 ሰዎች ተሰቀሉ። ከዳኞቹ አንዱ ጆን ሃቶርን የደራሲው የሩቅ አያት ነው። ክሎይስ የሚለው ስምም ከዚያው የመጣ ነው። ሬቤካ ነርስ የምትባል የ71 ዓመት አማኝ ስትታሰር መጋቢው ሳሙኤል ፓሪስ ዮሐንስ 6፥70ን አንሥቶ ሰበከ፦ «ከእናንተም አንዱ ዲያብሎስ ነው»። የሬቤካ እኅት ሣራ ክሎይስ ተነሥታ ከጉባኤው ወጣች። ብዙም ሳይቆይ እሷም ተከሰሰች፤ ግን ከሞት ተረፈች። ሬቤካን ቤተ ክርስቲያኗ አወገዘቻት፣ ከዚያም ተሰቀለች። ጌታ ያን ቃል ሲናገር ይሁዳን በሚገባ ያውቀው ነበር። ያም ሆኖ እግሩን አጠበው። ፓሪስ ይህን ትቶ ጥቅሱን ለአደን ተጠቀመበት።

የአገልጋይ ኃጢአት ይሸፈን እያልኩ አይደለም፤ በፍጹም። የተጎዳ ሰው ይሰማ። ጳውሎስ በሽማግሌ ላይ ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር አትቀበል ይላል፤ ቀጥሎም ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጽ ይላል (1ጢሞ 5፥19-20)። ሁለቱም ትእዛዝ ናቸው። ስልካችን ላይ የተቀባበልነው የድምፅ ቅጂ ግን ምስክር አይደለም። ስንቶቻችን ነን የአንድ ሰው ውድቀት ሰምተን «ድሮስ ሁሉም አንድ ናቸው» ብለን ኅብረት ያቆምነው? ያ «ሁሉም» የሚለው ቃል ጫካ ውስጥ የተሰበከው ስብከት ነው።

ከሴለም ከሳሾች አንዷ አን ፑትናም ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። በ1706 የኑዛዜ ቃሏ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ በጉባኤው ፊት ቆመች። የሰይጣን ማታለል እንደነበር ተናዘዘች። በተለይም ሬቤካንና ሁለት እኅቶቿን ጠቅሳ ይቅርታ ለመነች። ጉባኤው ተቀበላት። በ1712 ደግሞ የሴለም ቤተ ክርስቲያን በሬቤካ ላይ ያወጣችውን ውግዘት ሻረች።