ሐያሲና ተመልካች፦ በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ያለው የፍርድ ልዩነት

በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዎች ላይ ሐያስያን የሚሰጡት ፍርድና ተመልካቹ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። አንዱን ድራማ ሐያስያን ሲያጣጥሉት ሕዝብ ይወደዋል፤ ሌላውን ሲያወድሱት ሕዝብ ይቆጣበታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ምስጋና እየዘነበለት የሚያየው ሰው ያጣል። ጉዳዩ የጣዕም ልዩነት ብቻ ተደርጎ ይወራል። አብዛኛው ግን ከአሠራር የመጣ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች የሚፈርዱበት ነገር ራሱ አንድ አይደለም።

ቀድሞ ሐያሲው ድራማውን ከሕዝቡ ጋር በአንድ ምሽት አይቶ በማግስቱ ይጽፍ ነበር። ዝግጅቱ ስላለፈ ጽሑፉ ማንንም ከማየት አያስቀርም። ክላይቭ ጄምስ ከ1972 እስከ 1982 በእንግሊዙ ኦብዘርቨር ጋዜጣ ሲጽፍ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንባቢው የሚፈልገው ምን ልይ የሚለውን ምክር ሳይሆን፣ ያየውን በሰላ ሰው ዓይን ደግሞ ማየት ነበር።

የተቀረጸ ድራማ አስቀድሞ ለሐያስያን መላክ ሲለመድ ይህ ተለወጠ። ዛሬ ጣቢያዎች ከአንድ ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ክፍሎች ከስርጭቱ በፊት ይልካሉ፤ ሐያሲውም ከተወሰነ ቀን በፊት ላለማተም ይስማማል። ፍርዱ የሚያርፈው እንግዲህ በአጀማመሩ ላይ ነው፤ ተመልካቹ ደግሞ መጨረሻውን አይቶ ይፈርዳል። ቀስ ብሎ ተነስቶ በኋላ የሚያምር ድራማ በዚህ አሠራር ይጎዳል። አምሮ ጀምሮ መሐል ላይ የሚፈርሰው ያልተገባውን ምስጋና እንደያዘ ይቀራል። በ2019 የዘ ዊቸር የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ መጽሔት ሐያሲ መሐል ያሉ ክፍሎችን ትቶ ወደ አምስተኛው መዝለሉን ራሱ በጽሑፉ ተናገረ፤ ተመልካቾች የተቆጡት በነቀፌታው ብቻ ሳይሆን በመዝለሉም ጭምር ነው። ቁጣቸው ተገቢ ይመስላል፤ ግን ቢያንስ እርሱ አልደበቀውም።

ስለ ልዩነቱ ከተጻፉት ሁሉ ጠለቅ ያለው ዳላስን የተመለከተው ጥናት ነው። ከ1978 እስከ 1991 የተላለፈው ይህ የነዳጅ ከበርቴዎች ድራማ በ1980 ዋና ገፀ ባሕሪውን ጄ አርን ማን እንደተኮሰበት ሲገለጥ በአሜሪካ ብቻ 83 ሚሊዮን ያህል ሰው አይቶታል፤ በአውሮፓ ግን የጥበብ ሰዎች የርካሽ ባህል ምልክት አድርገው አወገዙት። ተመራማሪዋ ኢየን አንግ በአንድ የኔዘርላንድ የሴቶች መጽሔት ላይ ዳላስን ለምን እንደሚያዩት ሰዎች እንዲጽፉላት ጠይቃ 42 ደብዳቤዎች ደረሷት። ድራማውን የሚጠሉት የሐያስያኑን ቋንቋ በእጃቸው ስላገኙት በልበ ሙሉነት ጻፉ። የሚወዱት ተሸማቀው ነበር፤ አንዱ እያሾፍኩበት ነው የማየው ይላል፣ ሌላው ይቅርታ እየጠየቀ ይጀምራል፣ ሌላው ደግሞ ጣዕም የግል ነው ብሎ በሩን ይዘጋል። ታሪኩ እውነት እንዳይመስል እያወቁም፣ ጠቡና ቅናቱ ግን እውነት ነው ይሉ ነበር። ሐያስያኑ የታሪኩን አሳማኝነት ሲለኩ ተመልካቾቹ የስሜቱን እውነተኝነት ይለኩ ነበር ማለት ነው።

በይነመረብ ሲመጣ ሽምቅቅታው ጠፋ፣ ቁጥር ተተካ። በ1998 የተቋቋመው ሂሶችን የሚሰበስብ ድረ ገጽ ሮተን ቶሜቶስ የሐያስያኑንና የተመልካቹን መቶኛ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። መቶኛው የሚያሳየው የውዴታውን መጠን ሳይሆን ስንቱ በበጎ እንደጻፈ ነው፤ ሁሉም «ደህና ነው» ያሉት ድራማ መቶ ከመቶ ሊያገኝ ይችላል። በ2001 የጀመረው ሜታክሪቲክ በበኩሉ የነጥቦችን አማካይ ያወጣል፣ ለአንዳንዱ ሐያሲም የበለጠ ክብደት ይሰጣል። የተመልካቹ ቁጥር ደግሞ የሁሉም ተመልካች አይደለም። በጣም የተደሰተና በጣም የተናደደ ነጥብ ይሰጣል፤ አይቶ የተኛው አይሰጥም።

የጌም ኦፍ ትሮንስ ስምንተኛ ምዕራፍ በ2019 ይህንን ሁሉ አደባባይ አወጣው። የመጨረሻውን ክፍል በመጀመሪያው ምሽት በአሜሪካ ከ19 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው፤ ምዕራፉ እንደገና ይሠራ የሚል አቤቱታም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ። ሐያስያኑም ከቀደሙት ምዕራፎች ይልቅ ቀዝቅዘው ነበር፣ ተመልካቹ ግን እጅግ ከረረ፤ ለዓመታት የተከተለ ሰው ቅር የሚሰኝበት መጠን ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ድራማው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ታላቅ ሽልማት የሆነውን ኤሚን በምርጥ ተከታታይ ድራማ ዘርፍ ወሰደ። የኤሚ መራጮች የሙያው ባልደረቦች ስለሆኑ እነርሱ ሦስተኛ ወገን ናቸው።

ነጥብ መስጠት ዘመቻም ይሆናል። በ2022 የአማዞን ድራማ ዘ ሪንግስ ኦፍ ፓወር ሲጀመር ጥቁር ተዋንያን በመካተታቸው የተቆጡ ሰዎች ዝቅተኛ ነጥብ አዘነቡበት፤ አማዞንም የተመልካች አስተያየቶችን ለ72 ሰዓት እያቆየ ያወጣ ነበር። ችግሩ፣ ታሪኩ ተንዛዝቶብኛል ያለው ቅን ተመልካችም ከዘመቻው ጋር ተደባልቆ መቆጠሩ ነው። ለአዘጋጆች ይህ አመቺ መደበቂያ ሆኗል።

የሐያስያንና የሙያ ባልደረቦች ምስጋና ተመልካች ያነሰውን ድራማ ያቆየበት ጊዜ አለ። ሂል ስትሪት ብሉዝ በ1981 የተመልካቹ ቁጥር ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ በመጀመሪያ ምዕራፉ ስምንት የኤሚ ሽልማቶች አገኘና እስከ 1987 ዘለቀ። ዘ ዋየር ያለ አንድም ኤሚና ያለ ብዙ ተመልካች ከ2002 እስከ 2008 አምስት ምዕራፎች ተሠርቶለታል፤ ድራማውን ያሠራው፣ በደንበኞች ክፍያ የሚተዳደረው ጣቢያ ኤችቢኦ ከማስታወቂያ ጣቢያዎች ይልቅ ለስም መታገሥ ይችል ነበር። ተመልካች ያሸነፈበትም አለ፤ የስታር ትሬክ ወዳጆች በደብዳቤ ጎርፍ ሦስተኛውን ምዕራፍ ያስገኙት በ1968 ነው።

ሂሱም ቅርጹን ለውጧል። በ1998 የተጀመረውና በ2014 የተዘጋው ድረ ገጽ ቴሌቪዥን ዊዝአውት ፒቲ እያንዳንዱን ክፍል ከስርጭቱ በኋላ እየተነተነ መጻፍን አስፋፋ፤ ትልልቅ ጋዜጦችም ተከተሉት። እንዲህ የሚጽፈው ሐያሲ ከተመልካቹ ጋር እኩል ይጠብቃል፣ እኩል ይገምታል፣ በአራተኛው ክፍል ያለውንም በስምንተኛው ያርማል።