«ተመስገን ነው» ያለ ሁሉ ደህና አይደለም፦ ስለ ሕመምና ስለ ቻይነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፌስቡክ በየጊዜው ብቅ የምትል አንዲት ጽሑፍ አለች። «የሰው ልጅ መቋቋም የሚችለው 45 ዴል ሕመም ብቻ ነው፤ እናት ስትወልድ ግን 57 ዴል ይሰማታል፤ ይህም 20 አጥንት በአንድ ጊዜ እንደ መሰበር ነው» ትላለች። እናትን ማክበር መልካም ነው፤ ቁጥሩ ግን ፈጠራ ነው። የአካል ሕመም ይብሳል ወይስ የልብ፣ ማንስ የበለጠ ይችላል በሚለው የዘወትር ክርክራችን ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ፈጠራ ሞልቷል። የተወሰኑትን እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሕመም በዴል ይለካል»

ዴል የሚባል መለኪያ የለም። ስሙ የሚቀርበው «ዶል» ነው፤ በ1940ዎቹ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ሃርዲ፣ ሃሮልድ ዎልፍ እና ሄለን ጉዴል ያወጡት መለኪያ ነው። ተሞካሪው ግንባሩን ጥቁር ቀለም ይቀባና ከመብራት የሚወጣ ብርቱ ሙቀት ይለቀቅበታል። ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ሰውየው ልዩነቱን የሚለይባቸው እርከኖች ይቆጠራሉ። ሚዛኑ 10.5 ላይ ያበቃል፤ 57 የሚባል ቦታ የለውም። ምጥ የያዛቸውን ሴቶችም ለክተዋል፤ በአንዱ ምጥና በቀጣዩ መካከል እጃቸውን በሙቀት እያቃጠሉ የትኛው እንደሚብስ እንዲያነጻጽሩ ጠየቋቸው። ምጥ ላይ ላለች ሴት እንዲህ ያለ ጥያቄ ለማቅረብ የበቃው ድፍረት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ያንኑ ውጤት ማግኘት ስላቃታቸው መለኪያው ቀስ በቀስ ተተወ።

ዛሬ ሐኪም ቤት «ከ0 እስከ 10 ስንት ትሰጪዋለሽ?» ተብሎ የሚጠየቀው ቁጥር በዋናነት የሚያገለግለው አንድን ሰው ከራሱ ጋር ለማነጻጸር ነው፤ ትናንትን ከዛሬ፣ ከመድኃኒት በፊት ያለውን ከመድኃኒት በኋላ ካለው። የአንዷን 7 ከሌላዋ 7 ጋር አስተያይቶ የሚፈርድ መሣሪያ ገና አልተሠራም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ1979 አውጥቶ በ2020 ባሻሻለው ብያኔ ሕመምን በአካልም በስሜትም የሚደርስ ደስ የማያሰኝ ገጠመኝ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ስሜት ከሕመም ውጭ የቆመ ተመልካች ሳይሆን ከመጀመሪያውም የሕመሙ አካል ነው ማለት ነው።

«ዝም ያለ ሰው ሕመሙ ቀላል ነው»

ከሁሉም ይህኛው ይጎዳናል፤ እኛ ዘንድ ቻይነት ትልቅ ክብር አለውና። ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ እንዳሉ የገቡ እናት ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። ነርሷ «እማማ፣ ሕመሙ ከአሥር ስንት ይሆናል?» ትላቸዋለች። «ተመስገን ነው ልጄ፤ ከዚህ የባሰም አለ» ይላሉ። ካርዱ ላይ 2 ይጻፋል። አብሯቸው የመጣው ልጅ ግን መድኃኒት ቤቱ በር ላይ «ሌሊቱን ሙሉ እኮ ሲያቃስቱ ነው ያደሩት» ይላል። እናቲቱ አልዋሹም። ስለ ሕመማቸው ተጠይቀው ስለ እምነታቸው መለሱ፤ መዝጋቢዋም ልዩነቱን ሳታይ አለፈች።

ሕመም መሰማት የሚጀምርበት ነጥብና ሰው «በቃኝ» የሚልበት ነጥብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ2012 የጀርመን ተመራማሪዎች ስለ ስፖርተኞች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ስፖርተኞች ከሌላው ሰው ይልቅ ሕመምን ረዘም አድርገው እንደሚታገሡ በግልጽ አዩ። ሕመሙ መሰማት በሚጀምርበት ነጥብ ላይ ግን ልዩነቱ ያን ያህል ወጥ አልነበረም። ሯጩ ያመዋል፤ እያመመው ነው የሚሮጠው።

አበበ ቢቂላን ማስታወስ ይበቃል። በመስከረም 1964 የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ፤ እንደ ደረሰም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ያው አበበ በ1968 ሜክሲኮ ላይ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ በእግሩ ጉዳት ምክንያት አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። በአራት ዓመት ውስጥ ጽናቱ የቀነሰ አይመስለኝም። የመቻል ጣሪያ እንደ ጉዳቱ ዓይነት፣ እንደ ድካሙ፣ እንደ ዕለቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

ማን እንደሚያይም ይወስናል። በ1991 በወጣ አንድ ጥናት ወንዶች እጃቸውን በረዷማ ውኃ ውስጥ ነክረው የሕመማቸውን መጠን ሲጠየቁ፣ ጠያቂዋ ሴት ስትሆን አሳንሰው ተናገሩ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው ትምህርት የሚያጠፋው ድምፁን ነው።

በነገራችን ላይ «ሴቶች በተፈጥሯቸው ሕመም አይከብዳቸውም» የሚለው ሙገሳም በምርምር አልተደገፈም። በቤተ ሙከራ በአማካይ ሴቶች ናቸው ቀድመው «አመመኝ» የሚሉት፤ ሥር የሰደደ ሕመምም በሴቶች ላይ ይበዛል። ሙገሳው ብዙ ጊዜ ማስታገሻ ላለመስጠት ሰበብ ሆኖ ያገለግላል።

«ጉዳቱ በበዛ ቁጥር ሕመሙም ይበዛል»

በ1995 አንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ያወጣው አጭር ዘገባ አለ። የ29 ዓመት የግንባታ ሠራተኛ ዘሎ ሲያርፍ ረጅም ሚስማር ጫማውን ከሥር ወደ ላይ በሳው። ሚስማሩ ትንሽ በተነካ ቁጥር ይጮህ ስለነበር በብርቱ ማደንዘዣ አረጋጉት። ጫማው ሲወልቅ ሚስማሩ በሁለት ጣቶቹ መካከል አልፎ ነበር፤ ቆዳው እንኳ አልተጫረም። ሰውየው ግን አላስመሰለም። ዓይኑ ያየውን አደጋ አንጎሉ አምኖ ሕመሙን ሠርቶለታል።

የዚህ ግልባጭ በ1944 ጣሊያን ውስጥ ታየ። ሄንሪ ቢቸር የተባለው የአሜሪካ ጦር ሐኪም ክፉኛ ከቆሰሉት ወታደሮች አብዛኞቹ ማስታገሻ ትፈልጋለህ ሲባሉ «አልፈልግም» ማለታቸውን መዘገበ። ለወታደሩ ቁስሉ ከጦር ሜዳ በሕይወት መውጫው ነው። በሰላም አገር ሆዱን የተቀደደ ሰው ግን ያ ጠባሳ ሥራ መፍታትና ዕዳ ሊሆንበት ይችላል። ቢቸር በኋላ ሁለቱን ሲያነጻጽር፣ በሲቪል ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ማስታገሻ የጠየቁት ከወታደሮቹ እጅግ በበለጠ ቁጥር ነበር። በ1965 ሮናልድ ሜልዛክ እና ፓትሪክ ዎል፣ የሕመም መልእክት አከርካሪ ውስጥ ባለ በር በኩል እንደሚያልፍ፣ ያንንም በር ንክኪም ሐሳብም ሊያጠቡት ወይም ሊያሰፉት እንደሚችሉ የሚገልጽ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። የተመታ ጉልበታችንን የምናሸው ለዚህ ነው።

«ሕመም የማይሰማው ሰው የታደለ ነው»

በ2006 የታተመ የዘር ጥናት ከፓኪስታን ስለተገኙ፣ ከተወለዱ ጀምሮ ሕመም ስለማያውቁ ልጆች ያወሳል። ለጥናቱ መነሻ የሆነው ልጅ በመንገድ ላይ ክንዱን በቢላዋ እየወጋ ትርኢት ያሳይ ነበር፤ 14 ዓመት ሳይሞላው ከቤት ጣሪያ ዘሎ ሞተ። እኛም አገር የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ይህን ያውቁታል። ባክቴሪያው ነርቭን ሲያደነዝዝ ሰው ትኩስ ድስት በባዶ እጁ ያነሣል፣ ጫማው ውስጥ በገባ ጠጠር ላይ ቀኑን ሙሉ ይራመዳል። ጣት የሚያሳጣው በአብዛኛው እንዲህ ያለው ያልታወቀ ቁስል ነው። በ1965 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የተቋቋመው አለርትም ታማሚዎች እጅና እግራቸውን በየቀኑ በዓይናቸው እየፈተሹ እንዲጠብቁ ሲያስተምር ኖሯል።

«የልብ ስብራት የሐሳብ ጉዳይ ነው»፣ «አንጎል ሁለቱን አይለይም»

እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ። በ2003 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ሰዎችን በኮምፒውተር ኳስ የመቀባበል ጨዋታ አስገብተው ከዚያ ኳሷን ነፈጓቸው። መገለሉ ሲሰማቸው፣ ከአካል ሕመም አስጨናቂነት ጋር የሚያያዝ የአንጎል ክፍል ሥራ በዛበት። ከዚያ ወዲህ «አንጎል የእግር ስብራትንና የፍቅር ስብራትን አይለይም» የሚለው አባባል ተዛመተ፤ ፍቅረኛው የከዳችው ሰው ፓራሲታሞል እንዲውጥ የሚመክርም አልጠፋ። በ2014 የወጣ ጠለቅ ያለ ትንታኔ ግን ሁለቱ በዚያው አካባቢ የተለያየ አሻራ እንደሚተዉ አሳየ። ጎረቤታሞች እንጂ አንድ አይደሉም። ፓራሲታሞል ሲበዛ ደግሞ ጉበት ይጎዳል።

ሐዘን አካልን አይነካም ማለትም አይደለም። በ1990 ጃፓኖች የገለጹት «ታኮትሱቦ» የሚባል የልብ ችግር ከመርዶ ወይም ከብርቱ ድንጋጤ በኋላ ይመጣል። የደረት ሕመሙና የልብ ምርመራው የልብ ደም ሥሩ ድንገት የተደፈነበት ሰው ያስመስላል፤ የልብ ደም ሥሮች ግን አልተደፈኑም። በብዛት የሚያጠቃው ካረጡ በኋላ ያሉ ሴቶችን ሲሆን፣ አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ።

«ይለመዳል»

የአንዳንዱ ሰው ይለመዳል፤ የሌላው ግን ይብሳል። ክሊፎርድ ዉልፍ በ1983 እንዳሳየው፣ ተደጋጋሚ የሕመም መልእክት የደረሰው የአከርካሪ ነርቭ የበለጠ ስሱ ይሆናል፤ ቀድሞ የማያምመው ንክኪ ማመም ይጀምራል። «ቻለው» እየተባለ የሚራዘም ሕመም ለዚህ በር ይከፍታል። ግርዛት ላይ ያሉ ጨቅላዎችንም «አያስታውሱም» እንላለን። በ1997 በካናዳ የተደረገ ጥናት ግን ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ወንድ ሕፃናት ከወራት በኋላ ክትባት ሲወጉ ካልተገረዙት ይበልጥ እንደሚያለቅሱ አሳይቷል።

ሐዘንም እንዲሁ ነው። አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ሲያልፍ ጥቁሩ ይወልቃል፤ ለአብዛኛው ሰው ሥርዓቱ መደገፊያ ነው። ግን ልቡ ከዚያው ዕለት ያልተነቃነቀ ሰው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ የበሽታዎች ዝርዝር ከስድስት ወር አልፎ ኑሮን የሚያሽመደምድ ሐዘንን ራሱን የቻለ፣ መታከም ያለበት ችግር አድርጎ መዝግቦታል።

«ድብርት የሚሰማው በሐሳብ ነው»

በ1999 የወጣ የ14 አገሮች ጥናት፣ ድብርት ከተገኘባቸው 1,146 የጤና ጣቢያ ታካሚዎች ውስጥ 69 በመቶው ለሐኪሙ የነገሩት የአካል ሕመም ብቻ እንደነበር ያሳያል። ራስ ምታት፣ ወገብ፣ ጨጓራ፣ የሰውነት መዛል። እኛም ዘንድ ካርድ ክፍል በር ላይ የተሰለፈው ሰው «ከፋኝ» ብሎ ካርድ አያወጣም።

አካልንና ስሜትን እንዲህ ለያይተን ስለምናይ ነው በነርቭ ሕመም የሚሠቃዩ ሰዎች አሚትሪፕቲሊን የተባለ መድኃኒት ሲታዘዝላቸው የሚቀየሙት። ጎረቤት «ይህ እኮ የአእምሮ መድኃኒት ነው» ይላቸዋል፤ ሐኪሙ እንደ እብድ የቆጠራቸው ይመስላቸዋል፤ ፍሬው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። መድኃኒቱ መጀመሪያ የወጣው ለድብርት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በአከርካሪ በኩል ወደ ላይ የሚወጣውን የሕመም መልእክት የሚያዳክሙ ኬሚካሎችንም ያበረታል፤ ስሜቱ ደህና በሆነ ሰው ላይም ይሠራል። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው መጠን ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ያነሰ ሲሆን የሚወሰደው ማታ ነው፤ ለውጡ እስኪታወቅ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ማቆም አይገባም።