ዳንስ ሮክ ምንድን ነው?

በጅማ የሠርግ ሰሞን አዳራሾቹን ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው ሙሉ ባንድ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ መድረኩ ላይ ያሉት አንድ ዘፋኝና አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ናቸው። ከበሮውን የሚመታው ራሱ ኪቦርዱ ነው፤ ተጫዋቹ ሪትሙን መርጦ ያስነሣና ዜማውን በሁለት እጁ ይከተላል። ታዳሚውም ከበሮ መቺው የት ሄደ ብሎ ሳይጠይቅ ይጨፍራል። ይህን ለለመደ ከተማ ዳንስ ሮክን ማስረዳት ከባድ ሊሆን አይገባም። ሆኖም ጊታር ከሚማሩ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ፦ ማሽን ከገባበት ምኑን ሮክ ሆነ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቅጡ ሊመለስም ይገባዋል።

ዳንስ ሮክ የሮክ ባንድ መሣሪያዎችና የዘፈን አሠራር ከዳንስ ክለብ የኤሌክትሮኒክ ምት ጋር የተዋሐዱበት ሙዚቃ ነው። ሁለቱም ወገኖች በአብዛኛው አራት እየቆጠሩ ይሄዳሉ፤ የሚለያዩት ምቱን በሚያስቀምጡበት ቦታ ነው። በሮክ ትልቁ ከበሮ አብዛኛውን ጊዜ አንድና ሦስት ላይ ይመታል፤ ስኔር የሚባለው ትንሹ ከበሮ ደግሞ ሁለትና አራት ላይ ይመልስለታል። ዘፈኑ ከስንኝ ወደ አዝማች፣ ከአዝማች ወደ ጊታር ሶሎ ተጉዞ በሦስት በአራት ደቂቃ ያልቃል። በ1980ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በእ.ኤ.አ. ናቸው) መጀመሪያ በአሜሪካዋ ቺካጎ የተወለደው፣ ሃውስ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ ግን ትልቁን ከበሮ አራቱም ላይ ያሳርፋል፤ በደቂቃም ከ120 እስከ 130 ምት ይሄዳል። ወደ አዝማች የሚያጣድፈው ነገር የለም። መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ እየገቡ፣ አንድ በአንድ እየወጡ ሰባት ስምንት ደቂቃ ይዘልቃል፤ ዲጄውም ሳያቋርጥ ከሚቀጥለው ጋር ያገናኘዋል።

ማሽኑን ቀረብ ብሎ ማየት ብዙ ነገር ይገልጣል። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ በ1980 ባወጣው ቲአር 808 በተባለ የከበሮ ማሽን ላይ፣ ከታች በኩል 16 ቁልፎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። አራት አራቱ አንድ ምት ናቸው። ለትልቁ ከበሮ 1ኛውን፣ 5ኛውን፣ 9ኛውንና 13ኛውን ይጫኗቸዋል። ሃይ ሃት ለሚባለው ጥንድ ጸናጽል በመካከላቸው ያሉትን 3ኛውን፣ 7ኛውን፣ 11ኛውንና 15ኛውን፤ ለጭብጨባው 5ኛውንና 13ኛውን። በዚህ ብቻ የሃውስ አጥንት ቆመ። ማሽኑ አይደክምም፤ አዝማች ሲመጣም ስሜት ወስዶት አይፈጥንም። ሰው የሆነ ከበሮ መቺ ግን አዝማቹ ላይ ጥቂት ይገፋል፣ ስንኙ ላይ ጥቂት ይሰበስባል፤ ጊታሩም በዚያ ላይ ተደግፎ ያድጋል። እንግዲህ ማሽን ሲገባ የጊታሩ ሥራ የሚለወጠው በዚህ የተነሣ ነው።

ሌላው የሮላንድ ማሽን ታሪክ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። በ1981 የወጣው ቲቢ 303 የተሠራው ብቻቸውን ለሚለማመዱ ጊታሪስቶች ሲሆን ዓላማውም የቤዝ ተጫዋችን ቦታ መሸፈን ነበር። ድምፁ የቤዝ ጊታር አልመስል አለ፣ ገበያውም ከዳው፤ በ1984 ምርቱ ቆመ። ርካሽ አሮጌ ዕቃ ሆኖ ሲሸጥ የቺካጎ ወጣቶች ገዙት። ዜማው እየተጫወተ ቁልፎቹን በጣት ሲያዞሩ የሚንጫጫና የሚለጠጥ፣ ከዚያ በፊት ያልተሰማ ድምፅ አወጡ። ፊውቸር የተባለው ቡድን በ1987 በዚህ ድምፅ ያሳተመው ሸክላ አሲድ ሃውስ ለሚባለው ስልት መነሻ ሆነ። ለጊታሪስት ረዳት ይሆን ዘንድ የተፈጠረ ማሽን የዳንስ ቤቱን ድምፅ ሠራ ማለት ነው። ሮክና ማሽን ባላንጣ ናቸው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሁለቱን ወገኖች ቀድመው ካገናኙት አንዱ የእንግሊዟ ማንችስተር ባንድ ኒው ኦርደር ነው። ጆይ ዲቪዥን የተባለው ባንድ ዘፋኝ ኢያን ከርቲስ በ1980 ሲሞት ቀሪዎቹ አባላት ያቋቋሙት ነው። በ1983 ያወጡት ብሉ መንደይ ከሰባት ደቂቃ በላይ ይረዝማል፤ ከበሮው ማሽን ነው፣ ፒተር ሁክ ግን ቤዝ ጊታሩን በላይኛው ድምፅ እየተጫወተ ዜማ ያወጣበታል። በ1989 ያሳተሙት ቴክኒክ የተሰኘው አልበም ደግሞ በከፊል የተቀዳው በስፔኗ የኢቢዛ ደሴት፣ በዳንስ ክለቦቹ ሠፈር ነበር።

በሙሉ አልበም ደረጃ ግን እኔ የምመርጠው ፕራይማል ስክሪም በ1991 ያወጣውን ስክሪማዴሊካን ነው። ዘፋኙ ቦቢ ጊለስፒ የሚመራው ይህ ባንድ እስከዚያ ድረስ ጊታር ላይ የቆመ የሮክ ባንድ ነበር። በ1989 ባወጡት አልበም ላይ ፍቅሩን ያጣ ሰው የሚቆጭበት አንድ ዘገምተኛ ዘፈን ነበር። ይህን ዘፈን አንድሩ ዌዘራል ለተባለ፣ የስቱዲዮ ልምዱ ጥቂት ለነበረ ዲጄ እንዲቀይረው ሰጡት። ዌዘራል መጀመሪያ ዘፈኑን አክብሮ ጥቂት ብቻ ነካካው፤ የባንዱ ጊታሪስት አንድሩ ኢነስ ግን አፍርሰህ ሥራው አለው። አፈረሰው። የዘፋኙ ድምፅ ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ነሐስ መሣሪያዎቹ፣ ፒያኖውና ጊታሩ ባሉበት ቆዩ፤ ከበታቻቸው ሌላ የከበሮ ምት፣ ከፊታቸው ከድሮ ፊልም የተወሰደ ንግግር ተቀመጠ። ሎውድድ ተብሎ በ1990 ወጣና የባንዱን መንገድ ቀየረው። ልብ በሉ፣ ይህ ሥራ ፈጣን አይደለም፤ ምቱ ከሃውስ የዘገየ ነው። ሰውነትን የሚያንቀሳቅሰው ድግግሞሹ ነው።

አልበሙ በቀጥታ ሮክ ይጀምራል። የመጀመሪያውን ዘፈን ፕሮዲዩስ ያደረገው ከሮሊንግ ስቶንስ ጋር ይሠራ የነበረው ጂሚ ሚለር ነው፤ ጊታሩ ግልጽ፣ ተቀባዮቹ እንደ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ናቸው። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ንጹሕ ሃውስ ነው፤ የምትዘፍነው ዴኒዝ ጆንሰን ናት፣ የባንዱ ዘፋኝ አንድም ቃል አይወጣውም። በሮክ ባንድ አልበም ላይ ዘፋኙ መድረኩን ለቅቆ ለሌላ ሰው መስጠቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ክለብ ውስጥ ግን ዋናው ሰው የሚጨፍረው ስለሆነ ማንም አይደነቅበትም። ወደ መጨረሻው ደግሞ በእንጨት ጊታርና በፒያኖ የሚዜም የፍቅር ዘፈን አለ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ በሚረዝም አንድ አልበም ውስጥ ሳይጣላ ይኖራል። የብሪታንያው የሜርኩሪ ሽልማት በ1992 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ያሸነፈው ይኸው አልበም ነበር።

ከዚህ ተነሥቼ የወጣቶቹን ጥያቄ እመልሳለሁ። ሮክነቱ ያለው ከበሮውን ማን መታው ከሚለው ላይ አይደለም። በተጠናቀቀ የኮምፒውተር ምት ላይ ጊታር እንደ ቅመም ቢነሰንሱበት ዳንስ ሮክ አይሆንም፤ ጊታሩ ቢወጣም ዘፈኑ ምንም አይጎድልበትም። በሮክ ዘፈን ሥር ቱም ቱም የሚል ምት ማስገባትም እንዲሁ ነው። ውሕደት አለ የምለው ሁለቱም ወገን የሚወደውን ነገር ሲለቅ ነው፦ ጊታሪስቱ ረጅሙን ሶሎ፣ ዘፋኙ የፊተኛውን ቦታ፣ ዲጄውም የተዘጋጀ ምቱን። አንዱን አውጥታችሁ ስሙት፤ ዘፈኑ ከፈረሰ በእርግጥ ተዋሕደዋል።

በእኛም አገር ጉዳዩ ከሁለቱም በኩል ተነክቷል። ጃኖ ባንድ በ2012 ኤርታሌ የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ የኢትዮጵያን ዜማ በከባድ ጊታር ሠራው፤ ፕሮዲዩሰሩም አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። ሮፍናን በ2018 ነጸብራቅ የተሰኘውን አልበም ይዞ ሲመጣ ደግሞ ከኤሌክትሮኒኩ ወገን ተነሣ። ኃይሉ መርጊያ ቀደም ብሎ በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ ነበር።

ጅማ ውስጥ ኪቦርድ አለ፤ ጊታር የሚማር ልጅ በቆጪም በፈረንጅ አራዳም አይጠፋም። የሚያስፈልገው አንድ ማስተካከያ ብቻ ነው። ችክችካችን በሦስት በሦስት ስለሚከፈል በ16 ቁልፍ ላይ ልክ አይመጣም፤ ወደ 12 ማውረድ ይገባል። ትልቁ ከበሮ 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ ሲቀመጥ የክለቡ አራት ምት ሳይጠፋ ችክችካው ይገባበታል። ጊታሪስቱ ሙሉ ኮርድ መደርደሩን ይተውና ከባቲ ወይም ከአምባሰል ቅኝት አራት አምስት ድምፅ የያዘች አጭር ሐረግ ይምረጥ፤ ሳይቀይራት ለሁለት ደቂቃ ይደጋግማት፤ ኪቦርዱ በዙሪያዋ አንድ በአንድ ይጨምር፣ ይቀንስ። መብራት ከሄደ ኪቦርዱ ጸጥ ይላልና ለልምምድ ባትሪ ያለው አነስተኛ ኪቦርድና የእንጨት ጊታር ይበቃል።